ገመድ አልባው መገናኛ ሲቋረጥ ከየት ይጀመራል?

የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ጥያቄ ለማስተላለፍ፣ የአባላትን ስም ዝርዝር ለማደስና የእህል ዋጋ ለመከታተል ሲባል ኮምፒዩተር በአንዳንድ የገበሬ ማኅበራት ጽሕፈት ቤት ከመዝገቡ ጎን ቦታ ይዟል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ዋጋን በፍጥነት ማወቅ ለሻጩ ምን ያህል እንደሚጠቅም በሚገባ ታይቷል። ይሁን እንጂ መገናኛው በተቋረጠ ዕለት የሚደረገው ነገር ያሳዝናል። ጸሐፊው ኮምፒዩተሩን በጆንያ ጠቅልሎ ከተማ ይወርዳል። ባለሙያው አንድ ቁልፍ ተጭኖ ይመልስለታል። የመኪናው፣ የምሳውና የባለሙያው ዋጋ ከማኅበሩ ሣጥን ይወጣል። ዝናቡ ግን ጸሐፊው እስኪመለስ አይጠብቅም፤ የዘር ጥያቄው ቀን ቢያልፍበት ተጎጂው አባሉ ነው።

ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ከጠረጴዛው ከመነሣቱ በፊት ጉድለቱ ያለበትን ቦታ መለየት ይገባል። ቦታው ሦስት ነው፤ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው የገመድ አልባ ካርድ፣ ከካርዱ እስከ ራውተሩ ያለው አየር፣ ከራውተሩ ወደ ውጭ የሚሄደው መስመር። ለመለየት አንድ የእጅ ስልክ ይበቃል። ስልኩን ከዚያው ዋይፋይ ጋር አገናኝቶ አንድ ገጽ ለመክፈት መሞከር ነው። በዚህ ጊዜ የስልኩ የራሱ ዳታ መዘጋት አለበት፤ አለዚያ ስልኩ በራሱ መስመር ይከፍትና ያሳስታል። ስልኩም እንቢ ካለ ጥፋቱ የራውተሩ ወይም የመስመሩ ነው። ያኔ ኮምፒዩተሩን መነካካት አህያውን ትቶ ዳውላውን እንደ መምታት ይቆጠራል። በሲም ካርድ በሚሠራ ራውተር ላይ ጥቅሉ አልቆ ሊሆን ይችላል። በማያው ላይ የሚታየው የዋይፋይ ምልክት ሙሉ መሆኑ ማንንም አያታልል፤ እሱ የሚናገረው እስከ ራውተሩ ስላለው ብርታት እንጂ ከዚያ ወዲያ ስላለው አይደለም።

ስልኩ ሠርቶ ኮምፒዩተሩ ብቻ ከቀረ፣ መጀመሪያ የሚታየው የአውሮፕላን ምልክት ያለበት ቁልፍ ነው። በአንዳንዱ ኮምፒዩተር ከላይኛው የቁልፍ ረድፍ፣ በአሮጌዎቹ ደግሞ ከጎን ይገኛል፤ ልጅ ሲጫወት ወይም አቧራ ሲጠረግ ሳይታወቅ ይነካል። ይህ ደኅና ከሆነ በዊንዶውስ የመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ካርዱን መፈለግ ነው። በስሙ ላይ ቢጫ ምልክት ካለ፣ ወይም ስሙ ጭራሹን ከሌለ፣ ብዙውን ጊዜ የጎደለው ካርዱን የሚያንቀሳቅሰው ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ነው። ኮምፒዩተሩ በአዲስ ዊንዶውስ በተጫነ ማግሥት ይህ ያጋጥማል። ድራይቨሩ የሚገኘው በኢንተርኔት፣ ኢንተርኔቱ የሚገኘው በድራይቨሩ ሲሆን ብዙዎች ተስፋ ይቆርጣሉ። መፍትሔው ግን በኪስ ውስጥ ነው፤ ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ ዳታውን ማካፈል ይቻላል። በዚህ መንገድ ገመድ አልባው ካርድ አያስፈልግም። ካርዱ ፈጽሞ ሞቶ ከሆነም በዩኤስቢ የሚሰካ አውራ ጣት የሚያህል ሌላ ማስገባት ይቻላልና ኮምፒዩተሩን መጣል አያስፈልግም።

ተገናኝቷል እየተባለ ምንም የማይከፈትበት ጊዜም አለ። የኮምፒዩተሩ የኔትወርክ አድራሻ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ራውተሩ አድራሻ አልሰጠውም ማለት ነው። ራውተሩን አጥፍቶ ግማሽ ደቂቃ ቆይቶ ማብራት፣ ካልሆነም የዋይፋዩን ስም ከኮምፒዩተሩ ሰርዞ የይለፍ ቃሉን እንደገና ማስገባት ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል።

በገጠር ጽሕፈት ቤቶች ዘንድ ልዩ ትኩረት የሚሻው ግን የቀን ጉዳይ ነው። የዛሬ ድረ ገጾች ትክክለኛነታቸውን የሚያሳዩበት የምስክር ወረቀት አላቸው። ወረቀቱ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። ኮምፒዩተሩ ይህን ቀን ከራሱ ሰዓት ጋር ያነጻጽራል። ቅን የሆነ ጸሐፊ የአገሩን ዘመን አቆጣጠር ቢሞላበት ኮምፒዩተሩ በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደ ኋላ ይቀርና ወረቀቱን ገና ያልጸና ብሎ ገጹን ይዘጋል። በሰዓቱ ባትሪ መድከም የተነሣ ኮምፒዩተሩ በጠፋ ቁጥር ቀኑን የሚረሳም አለ፤ በብዙዎቹ የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ያለችው ባትሪ ሲአር 2032 የምትባለው ሳንቲም መሳይዋ ናት። ዋይፋዩ ደኅና ሆኖ ገጾች እንቢ ሲሉ እንግዲህ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ማመሳከር ነው።

የራውተሩ አቀማመጥም መታሰብ አለበት። ቆርቆሮ ማዕበሉን መልሶ ይገፋል፤ የረጠበ የጭቃ ግድግዳም ያደክመዋል። ባለ 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ሲበዛበት ይደክማል፤ ባለ 2.4ቱ ራቅ ብሎ ይደርሳል። መጋዘን ውስጥ ለሚሠራ የሚሻለው ሁለተኛው ነው።

የማኅበር መሪዎች ይህን ሁሉ በቃል እንዲይዙ አይጠበቅም። ከቀበሌው ወጣቶች አንድ ወንድና አንዲት ሴት እንዲማሩ ማድረግ፣ የተሞከረውንም ከነቀኑ በደብተር ማስፈር በቂ ነው። በራውተሩ ጀርባ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ መርፌ የሚያስገባ ሰው ግን መከልከል አለበት፤ እሷ ስትጫን የመስመሩ ቅንብር ሁሉ ይጠፋልና፣ ያኔ በእርግጥም ከተማ መውረድ ሊያስፈልግ ነው።