ኤስቶኒያ ስለምን ጀርመንን ቀደመች?



ሕክምናን በኮምፒዩተር መዝገብ ማካሄድ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ነው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ ተማሪዎቼም ይህንኑ ይሉኛል። ነገሩ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ግን ጀርመን ኤስቶኒያን በቀደመች ነበር። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ልጥቀስ።

ኤስቶኒያ በ1991 ከሶቪየት ኅብረት የተላቀቀች፤ ሕዝቧም 1.3 ሚሊዮን ያህል ብቻ የሆነ አገር ናት። በ2002 በኮምፒዩተር የሚሠራ መታወቂያ ማደል ጀመረች፤ በ2008 የሕመምተኞችን መዝገብ በአገር ደረጃ አያያዘች፤ በ2010 የወረቀቱን የመድኃኒት ማዘዣ በኮምፒዩተር መተካት ያዘች። ስለዚህ በሽተኛው መታወቂያውን ይዞ ወደ ፈለገው መድኃኒት ቤት ቢሄድ ይበቃዋል። ከ80 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ባለጸጋይቱ ጀርመን ግን ለ2006 የታሰበው የጤና ካርድ ዘገየባት፤ የሕመምተኛ መዝገብ በ2021 ብትጀምርም የገባበት ሰው እጅግ ጥቂት ሆነ፤ የኮምፒዩተሩን ማዘዣ ለሐኪሞች ግዴታ ያደረገችው በ2024 ነው።

ምክንያቱ ከፊሉ የአሠራር ነው። በኤስቶኒያ የጤና መድን የሚሰጠው አንድ ድርጅት ሲሆን በጀርመን ወደ መቶ ይጠጋሉ፤ በኮሚቴ የተቀመጠ ሁሉ የቀረውን ያውቀዋል። ትልቁ ነገር ግን ፍርሃት ነው። ጀርመኖች በናዚ ዘመን፤ ምሥራቆቹም ቀጥሎ ስታዚ በተባለው የስለላ መሥሪያ ቤት፤ መዝገብ በሰው ላይ ምን እንደሚያደርስ አይተዋልና መጠራጠራቸው ሞኝነት አይደለም። ኤስቶኒያውያንም እኮ በኬጂቢ ተሰልለዋል! ልዩነቱ በእኔ አስተያየት እዚህ ላይ ነው፤ ጀርመን ዜጋው ራሱ ካልጠየቀ መዝገብ አልከፍትለትም ስትል ቆየች፤ እንቢ ካላለ በቀር ለሁሉም መክፈት የጀመረችው በ2025 ነው። ኤስቶኒያ ግን ከመነሻው ለሁሉም ከፍታ፤ መዝገቡን የገለጠው ሰው እንዲታይ አደረገች። ዜጋው ቤቱ ተቀምጦ ማን እንዳየበት ይመለከታል፤ ያለ ሥራው የገለጠ ይጠየቃል፤ ባለቤቱ ካሻውም ይዘጋዋል።

እኛም የፋይዳ ቁጥር እየያዝን ነን። በእኛው አቆጣጠር የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም ቁጥር 1321/2016 ወጥተዋል። የሕክምና መዝገባችን ከዚህ ቁጥር ጋር የሚያያዝ እንደ ሆነ፤ በሽተኛው ማን እንዳየበት ራሱ የሚያውቅበት መንገድ ከመጀመሪያው እንዲሠራ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ቢያስቡበት እላለሁ። በሳንባ ነቀርሳ የታከመ የመንግሥት ሠራተኛ፤ አለቃዬ መዝገቤን ይገልጠው ይሆናል ብሎ ከጠረጠረ፤ ሐኪም ቤት መሄዱን ይተወዋል።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ