በሁለት ሣጥን ስለማይወሰን ስም

ከሐርሸን እስከ ቶጎ ውጫሌ ባለው ሜዳ ያደገ የሶማሌ ልጅ ፊደል ከመቍጠሩ አስቀድሞ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን፣ ምንጅላቱን እያስከተለ እስከ ጎሣው አባት ድረስ በቃሉ መዝለቅን ይማራል፤ ይህንንም አብቲርሲ ይሉታል። ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቈጠር ላደመጠ፣ ካህኑም ከማቴዎስ ወንጌል አርባ ሁለቱን ትውልድ ሲያነብ በትዕግሥት ለቆመ ደገኛ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

አንድ የጅግጅጋ ወዳጄ፣ በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ ስትደበደብ ሸሽቶ በሐርቲሼክ መጠለያ ከከረመ በኋላ ባሕር ማዶ የተሻገረውን አጎቱን ሊፈልግ በአንድ የትውልድ ሐረግ ድረ ገጽ ፊት ሲቀመጥ አጠገቡ ነበርሁ። ዐሥራ አራት አባቶችን በአንድ ትንፋሽ የሚዘልቀው ሰው በሁለት ሣጥኖች ፊት አንደበቱ ተያዘ፤ አንደኛው «ስም»፣ ሁለተኛው «የቤተሰብ ስም» ይላልና። እኛ ግን ያለን በየትውልዱ የሚለወጥ የአባት ስም ነው። የራሱን አያት ስም ቢጽፍ ማንም አልወጣም፤ አጎትዬው በስደት አገር ሲመዘገብ የአያቱ የዐብዲ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተጽፎለት ኖሯልና፣ ዐብዲ ደግሞ ለወዳጄ ቅድመ አያት ስለሆነ ከመታወቂያው ላይ ከቶ አይገኝም።

ነገሩ ገብቶት ዐብዲ ብሎ ቢሞክርም አልሆነለትም። ሞቃዲሾ በ1965 ዓ.ም. ለሶማልኛ የላቲንን ፊደል ስትመርጥ ዐይኑን ዐ በ«ሲ»፣ ሐመሩን ሐ በ«ኤክስ» ወክላለች፤ በአማርኛ አንደበት ድምፃቸው የጠፋው እነዚህ ሁለት ፊደላት በሶማሌ ጉሮሮ ሕያዋን መሆናቸውን የግእዝ መምህራን ቢሰሙ ምንኛ ደስ ባላቸው! የአጎቱን በ«ሲ» የተጻፈ ስም ወዳጄ በ«ኤ» ይፈልገዋል። በአሜሪካ በ1910 ዓ.ም. የፈጠራ መብት የተሰጠው ሳውንዴክስ የተባለው ስልትም የስሙን መነሻ ፊደል እንዳለ ጠብቆ የቀሩትን ተነባቢዎች በቍጥር ስለሚተካ፣ ሁለቱም ዐብዲዎች 130 ሆነው ሳሉ፣ አንዱ በሲ አንዱ በኤ ተሰልፈው እስከ ዕለተ ምጽአት አይገናኙም።

እንግዲህ የፍለጋው ሣጥን ሁለት ስም ሳይሆን ሰንሰለት ይቀበል፤ ሰንሰለቱንም አንድና ሁለት ትውልድ ወደ ላይ ወደ ታች እያንሸራተተ ያስተያይ፤ «ሲ»ንና «ኤ»ን፣ «ኤክስ»ንና «ኤች»ን እንደ መንትያ ይቍጠር፤ ለቅጽል ስምም ስፍራ ይስጥ። የጅግጅጋ አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ የተጠራለት ገራድ ዊልዋል እንኳ የተጸውዖ ስሙ ፋራሕ ነበር። አብቲርሲ በአባት ብቻ ስለሚወርድ የእናቶች ስም ተዘልሎ ይቀራል፤ ይህን የአበው ጉድለት የፍለጋው ሣጥን መውረስ የለበትም።

ወዳጄ በመጨረሻ ቶጎ ውጫሌ ሻይ ወደምትሸጥ አንዲት አሮጊት ሄደ። የአጎቱን ስም ሰምታ «የትኛው ዐብዲ? ረጅሙ ነው ግራኙ?» አለችው። ግራኙ ነው ቢላት፣ ስልኳን ከመቀነትዋ ፈታ አወጣች።