አረንጓዴው ምንጣፍ እኩለ ቀን ላይ

ጅግጅጋ ውስጥ አዲስ ቤት ተሠርቶ ሲያልቅ ከቀለሙና ከመጋረጃው ቀጥሎ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ግቢውን ምን እናልብሰው?» የሚል። ውድ አንባቢ፣ እርስዎም ሰው ሠራሽ ሣር አስበው ከሆነ ምክንያትዎ ይገባኛል። ውኃ በቦቴና በአህያ ጋሪ በሚገዛበት ከተማ ሣር ማጠጣት ቅንጦት ነው።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ የማስታወቂያ ቋንቋ አይሰወረኝም። «አይጠጣም፣ አይታጨድም፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው» ሲባል ውሸት የለበትም። ገዢን የሚጎዳው ሳይነገር የቀረው ነው። ስለዚህ ዛሬ ያልተነገረውን እንየው።

የመጀመሪያው ሙቀት ነው። ሕይወት ያለው ሣር ከሥሩ የሳበውን ውኃ በቅጠሉ እያተነነ ራሱን ያቀዘቅዛል፤ ፕላስቲክ ግን የፀሐይን ሙቀት ይዞ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካው ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ጥናት፣ አየሩ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በነበረበት ቀን የሰው ሠራሽ ሣሩ ገጽ 93 ዲግሪ ገደማ ደርሷል። ውኃ ሲረጭበት ቢበርድም ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ግሏል። ያ የስፖርት ሜዳ ነበር፤ ጅግጅጋም ከፍታዋ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሯ ለስለስ ያለ ነው። ነገር ግን ምንጣፉን የሚያግለው አየሩ ብቻ ሳይሆን በቀጥታ የሚያርፍበት ፀሐይ ነው። ቆላ ወዳሉት ወደ ሽንሌና አይሻ ሲወርዱ ደግሞ ይብሳል። ባዶ እግሩን የሚሮጥ ልጅ ካለዎት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው አቧራ ነው። ነፋሱ ከሜዳው የሚያመጣው አፈር በቃጫዎቹ መካከል ይገባና በመጥረጊያ ብቻ አይወጣም። የሕፃን ሽንት፣ የድመት ኩስ ወይም የፈሰሰ ሻይ መሬት ላይ ቢሆን አፈሩ ይመጠዋል፣ ያብላላዋል። ፕላስቲክ ላይ ግን ይሸታል። ስለዚህ መታጠብ አለበት፤ ውኃ ይቆጥባል ተብሎ የተገዛው ዕቃ ውኃ ይጠይቃል ማለት ነው።

ሦስተኛው እሳት ነው። ቡና የምናፈላው በከሰል ነው፤ ዕጣኑም ከፍም ላይ ነው የሚጨሰው። አንዲት ፍም ብትወድቅ ቃጫው ይቀልጣል፤ የቀለጠው ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

አራተኛው ለዓይን የማይታየው ነው። ፀሐይ ፕላስቲክን ታደርቃለች፤ የደረቀው ቃጫ እየተሰበረ ይረግፋል፤ ዝናብ ሲመጣ ጎርፉ ይዞት ይሄዳል። የግቢ ወይም የደጅ ጎርፍ ወደ ቢርካ በሚገባበት ቤት ደግሞ ብናኙ አብሮ ሊገባ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ለሰው ሠራሽ ሜዳዎች መሙያ የሚሆነው የጎማ ጥራጥሬ ከ8 ዓመት የሽግግር ጊዜ በኋላ እንዳይሸጥ እ.ኤ.አ. በ2023 የወሰነው በዚሁ የፕላስቲክ ብናኝ ምክንያት ነው።

መጨረሻው ወጪው ነው። ቃጫው ከአንድ ዓይነት ፕላስቲክ፣ ጀርባው ከሌላ ዓይነት ተሠርቶ በሙጫ ስለሚያያዝ አርጅቶ ሲነሣ ለይቶ መልሶ መጠቀም አስቸጋሪ ነው። እናም ዛሬ ዋጋውን ሲጠይቁ የማስነጠፊያውን፣ የማስነሻውንና የመተኪያውንም አብረው ያስሉ።

ይህ ዕቃ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1966 በሂውስተኑ አስትሮዶም ስታዲየም ነው። ጣሪያው ፀሐይ ስለከለከለ እውነተኛው ሣር ሞቶ ነበርና በምትኩ ተነጠፈ። ፀሐይ ለጠፋበት ቦታ መፍትሔ የሆነውን እኛ ፀሐይ ለተረፈበት ግቢ እናመጣዋለን።

ታዲያ ምን ይሻላል? ከሁሉ በፊት ጥላ። አንድ የኒም ወይም የቁርቁራ ዛፍ ሥር ሰድዶ እስኪጠና ካጠጡት በኋላ ድርቁን ይችላል፤ ከሥሩም ቤተሰብ ያስቀምጣል። ሣር ካማረዎት ሰርዶን ያስቡ። በጂላል ቢደርቅና ቢቀላም ሥሩ ይቆያል፤ የጉ ወይም የካራን ዝናብ ሲዘንብ መልሶ ያቆጠቁጣል። ለመኝታ ቤት መስኮት የሚበቃ ቁራጭ ቦታ ላይ ብቻ ቢተክሉትና አትክልትና እህል ያጠቡበትን ውኃ ቢያፈሱለት ይበቃዋል። የቀረውን ግቢ ጠጠር አልብሰው በዳር በኩል ሬት ይትከሉበት።

ሰው ሠራሹን የግድ ከፈለጉት ጥላ ላለው በረንዳ ይሁን፤ ምድጃውም ከእሱ ይራቅ። ከመክፈልዎ በፊት ሻጩን ቁራጭ ናሙና ይጠይቁት። ናሙናውን ከጠዋቱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ፀሐይ ላይ ይተዉትና መዳፍዎን ያሳርፉበት። እጅዎ ካልቻለው የልጅዎ እግርም አይችለውም።