የግቢ ውሻ መንገድ ሲወጣ

ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ ጠዋት ጠዋት በእግሩ የሚንሸራሸረው ሰው እየበዛ ነው፤ ውሻውን ይዞ የሚወጣውም እንዲሁ። አንዳንዶቹን ቆም ብሎ ላየ ግን ነገሩ ሽርሽር አይመስልም። ሰውዬው ወደፊት ይጎትታል፤ ቡችላው አራት እግሩን መሬት ላይ ተክሎ፣ ጅራቱን እግሮቹ መሀል ወሽቆ፣ የወጣበትን በር በዓይኑ ይፈልጋል። «ና እንጂ! ምን ሆነሃል?» አላፊ አግዳሚው ይስቃል። በማግስቱ ሰውዬው ብቻውን ይወጣል፤ ቡችላው ለዘበኛው ይተውና ሰንሰለት ይገባለታል።

ቡችላው «ፈሪ» ተብሎ ይቀራል። እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። ለአዲስ አበባ ውሻ ዓለም ማለት ግቢ ነው። በሩ ሲከፈት መኪና ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የሚጮኽበት እንጂ የሚሄድበት አይደለም። ማሰሪያም ቢሆን የሚያውቀው ቀን ቀን እንዳይንቀሳቀስ፣ ማታ ሲፈታ ደግሞ እንዲጠብቅ ነው። እንዲህ ያደገን እንስሳ አንድ ጠዋት ድንገት «እንሂድ» ብንለው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

ዋናው ነገር ዕድሜ ነው። ቡችላ አዲስ ነገር ሲያይ ከፍርሃቱ ጉጉቱ የሚበልጥበት ጊዜ አጭር ነው፤ ከተወለደ ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ 12ኛው ወይም እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ። ስኮትና ፉለር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ቡችሎችን ለዓመታት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ በሰፊው አሳይተዋል። እኛ ይህን ጊዜ በምን እናሳልፈዋለን? መንገድ ዳር በካርቶን ከሚሸጡ ልጆች ቡችላ እንገዛና «እስኪጠነክር» ብለን በሩን እንዘጋበታለን። ስድስት ወር ሲሞላው ገመድ ገዝተን እንመጣለን።

በሽታ ፈርቶ በሩን የሚዘጋ ሰው እውነት አለው። ፓርቮ የተባለው የቡችላ በሽታ መንገድ ላይ አለ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ቡችላው 3 ወር ሲሞላው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሰዎችን ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶው የሚመጣው በውሻ በኩል ስለሆነ፣ ክትባቱ ለድርድር የሚቀርብ አይደለም። ሆኖም ቡችላ መሬት አይርገጥ ማለት ዓለምን አይይ ማለት አይደለም። የእኛዋን ክትባቷ እስኪያልቅ በጋቢ ታቅፌ እስከ ዋናው መንገድ እወስዳት ነበር። አንዲት እናት ሕፃን መስሏቸው «እግዜር ያሳድግልህ» እያሉ ጋቢውን ገለጥ ቢያደርጉ አንድ ጥቁር፣ እርጥብ አፍንጫ ብቅ አለባቸው። «በስመ አብ!» ብለው ካማተቡ በኋላ ግን ቆመው ብዙ አወሩን።

ማሰሪያውን ያለመድናት ሳሎን ውስጥ ነው። ሰንሰለት ለቡችላ ከባድ ነው፤ አንገትን ከሚይዘው ይልቅ በደረት ዞሮ የሚታሰረው ለስላሳው ይሻላል። መጀመሪያ ሳህኗ አጠገብ አስቀመጥነው፤ አሸተተችው፣ ነከሰችው፣ ሰለቻትና ተወችው። ከዚያ ስትበላ ማጥለቅ፣ ሳትጨነቅ ማውለቅ። ቀጥሎ ቀጭን ገመድ ተንጠልጥሎላት እየጎተተች ቤቱን ትዞራለች፤ የወንበር እግር ላይ እንዳይጠመጠምባት ዓይናችን አይለያትም። ገመዱን በእጅ መያዝ ከሁሉም በኋላ የሚመጣ ነው፤ እሱንም ላላ አድርጎ። ከሳሎን ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ በሩ፣ ከበሩ እስከ ጎረቤት አጥር፤ የዚያን ቀን እዚያው ይበቃል።

መጎተት አያዋጣም። ውሻ ወደፊት ሲሳብ ወደ ኋላ ይስባል፤ ገመዱ በተወጠረ ቁጥር ፍርሃቱም ይከርራል። ስትቆም ቆሞ መጠበቅ፣ ፊት ለፊት ከመጋፈጥ ጎን ሰጥቶ ቁጢጥ ማለት፣ አንድ እርምጃ ስትመጣ ቁራጭ ጉበት መስጠት ነው። ምልክቷንም ማንበብ ያስፈልጋል። መንገድ መሀል ስታዛጋ እንቅልፍ የመጣባት የሚመስለው አለ፤ አፍንጫዋን ደጋግማ ስትልስ የራባት የሚመስለውም አለ። ሁለቱም ብዙውን ጊዜ ጭንቀት ናቸው።

በእኛ ሰፈር ትልቁ ፈተና ባቡሩ ነው። ከአያት ጦር ኃይሎች የሚመላለሰው ቀላል ባቡር ከ2008 ጥቅምት ጀምሮ በዚህ ሲያልፍ እኛ ለምደነዋል፤ ለቡችላ ግን እየጮኸ የሚመጣ ቤት ነው። ሐዲዱ አጠገብ ወስዶ ማቆም ጭካኔ ነው። ድምፁ ይሰማት እንጂ የማትሸበርበት ርቀት ላይ፣ ውስጥ ለውስጥ መንገዱ ላይ ቆመን እንጠብቃለን። ባቡሩ ይሰማል፣ ጉበቱ ይከተላል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ትርጉሙም ይገለበጣል፤ አስቀድማ ጉበት የምታገኝ ከሆነ ጉበቱ ራሱ «መጣብሽ» የሚል ማስጠንቀቂያ ይሆንባታል። እንደ ፓቭሎቭ ውሾች ምልክቱ ይቅደም፣ ምግቡ ይከተል። «ቆራሌው!» የሚለውን ጩኸትም በዚሁ መንገድ ነው የለመደችው። አሁን ቆራሌው ሲጣራ ኪሴን ታያለች።

የግቢያችን ዘበኛ ይህ ሁሉ አይዋጥላቸውም። «ሰው ከለመደች ምን ትጠብቃለች?» ይላሉ። አባባላቸው የብዙ ሰው ነው፤ እኔ ግን በፍጹም አልስማማም። ሁሉን የሚፈራ ውሻ በሁሉ ይጮኻል፤ በቆራሌው፣ በተማሪው፣ በነፋስ በሚንኳኳው ቆርቆሮ። በሁሉ የሚጮኽ ውሻ ደግሞ ሌባ ሲመጣም ቢጮኽ ከአልጋው የሚነሳለት የለም። መንገዱን የሚያውቅ ውሻ እንግዳ የሆነውን ነገር ለይቶ ይጮኻል። በዚህ ጉዳይ ከእሳቸው ጋር እስካሁን አልተግባባንም።

መንገዱም ቢሆን እኛን መልመድ አለበት። «ይናከሳል?» የማይል ልጅ የለም፤ ከጀርባው የያዘው ድንጋይ የሚታይም አለ። ልጁ አይወቀስም፤ እሱም የሚያውቀው ከበር ስር አፍንጫውን አውጥቶ የሚያጓራውን ውሻ ነው። ገመዱን አሳጥሬ ዳር እይዛለሁ፤ ልጁም መንካት ከፈለገ እሷ ራሷ ትጠጋው እንጂ እሱ ከላይ አይምጣባት። ውሻ ልብሱን እንዲነካው የማይፈልግ፣ በሃይማኖቱም የሚጠነቀቅ ሰው ብዙ ስለሆነ መንገድ መልቀቅ የእኛ ፋንታ ነው። ወር በገባ በ12 በሚካኤል ጎዳናው ነጭ በነጭ ሲሆን ቡችላ ይዞ መውጣት ለማንም አይበጅም፤ ኅዳር 12 ሲሆን ደግሞ የየሰፈሩ ጭስ ይጨመርበታል። የማታውም ሽርሽር ሳይጨልም ቢያልቅ ይመረጣል። ከየካና ከእንጦጦ ተራሮች የሚወርደው ጅብ የገመዱን ርዝመት አይጠይቅም።

ሁዳዴ ሲገባ አብዛኛው ሥጋ ቤት ይዘጋል፤ ጉበቱም አብሮ ይጠፋል። የተቀቀለ ድንች በጥፍር ልክ ቆራርጦ ኪስ ውስጥ መያዝ ይቻላል፤ የእኛዋ አልተጸየፈችውም። ከድስት የተረፈ ወጥ ግን ለዚህ ሥራ አይሁን። ወጣችን ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ሽንኩርት ደግሞ፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻን ደም ያበላሻል።