ሁለተኛው ወንበር

ዛሬ ስለ መኪና ላጫውታችሁ ነው። "የቤተሰብ ዓምድ ላይ መኪና ምን ይሠራል?" የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ቤት ይገባል።

የዛሬ ሰባት ዓመት ፋሲካን የዋልኩት ደብረ ማርቆስ ከወላጆቼ ጋር ነበር። ዶሮው ተበልቶ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ እንደደረሰ፣ አሜሪካ ቨርጂኒያ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ በቪዲዮ ደወለ። "እንኳን አደረሳችሁ" ከተባባልን በኋላ ስልኩን አዙሮ አንዲት ትንሽ ቀይ መኪና አሳየን። ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ትባላለች፤ የመጀመሪያው ሞዴል ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚገለጥ፣ ክብደቷ 1,000 ኪሎ ግራም እንኳ የማይሞላ የስፖርት መኪና ናት።

ወንድሜ ግን መኪናዋን አራቁቷታል። ምንጣፉ፣ ሬዲዮው፣ የአየር ማቀዝቀዣው፣ ሌላው ቀርቶ ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር ሳይቀር ወጥቶ ግድግዳ ሥር ተከምሯል።

"ልጄ፣ ሌባ ነው እንዲህ ያደረገብህ?" አለች እማዬ ደንግጣ።

"ኧረ እማዬ፣ እኔው ራሴ ነኝ!" አለና አስረዳት። መኪናዋ ከእንግዲህ ገበያ አትወጣም፣ ሰው አታደርስም። የምትነዳው በተከለለ የእሽቅድድም ሜዳ ብቻ ነው። እዚያ ደግሞ ትርፍ ክብደት አይፈለግም፤ መኪና ሲቀል ቶሎ ይፈተለካል፣ ኩርባ ላይ ይታዘዛል፣ ለማቆምም አያስቸግርም።

"እሺ ይሁን፤ እኔ ስመጣ የት ልቀመጥ ነው?" አለች። ሁላችንም ሳቅን። አባባ ብቻ አልሳቁም።

"ፍሬኑንስ ምን አደረግኸው?" ብለው ጠየቁት።

"እሱ ይደርሳል አባባ፤ መጀመሪያ ሞተሩን ልጨርስ።"

አባባ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። ሾፌሮች "ኤንትሬ" የሚሉትን ፊያት ከነተሳቢው ይዘው ዓባይ በረሃን ሲወርዱና ሲወጡ ነው የኖሩት። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ወንዙን ይሻገርና ያንኑ ያህል ደግሞ ሽቅብ ይወጣል።

በማግስቱ ጠዋት ከግቢው በኩል የብረት ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። የእህቴ ልጅ ነው። ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሲሆን መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና አራት ወሩ ነበር። የቤታችንን ኮሮላ የኋላ ወንበር አውጥቶ ግድግዳ አስደግፎታል። ማርሚታውንም ፈቶታል። አሁን መኪናው ዝቅ እንዲል ሞላውን ሊቆርጥ የብረት መጋዝ ይዟል።

"አክስቴ፣ አጎቴ እንዳደረገው ነው የማደርገው። ከሰዓት በኋላ ደጀን ድረስ ሄጄ እሞክራታለሁ" አለኝ፤ ዓይኑ በደስታ ያበራል።

አባባ ሲመጡ ይጮኻሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን የወጣው ወንበር ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡና ለእኛ ለልጆቻቸው እንኳ ነግረውን የማያውቁትን ታሪክ አወሩ።

በደርግ ዘመን ነው። ጤፍ ጭነው ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። የሾፌሮች ሕግ "ሽቅብ በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁል ውረድ" ይላል፤ መኪናውን ሞተሩ እንዲይዘውና ፍሬኑ እንዳይግል። አባባ ግን ሳይመሽ ልሻገር ብለው ከበድ ያለውን ማርሽ ትተው ፍሬን እየረገጡ መውረድ ጀመሩ። ግማሽ መንገድ ላይ ሸራው ግሎ ጨሰ፤ ፍሬኑ ቢረገጥ አልይዝ አለ። አጠገባቸው የተቀመጠው ረዳታቸው በሩን ከፍቶ ታኮ ይዞ ዘለለ። የመጀመሪያውን ታኮ ጎማው ገፍቶ ጣለው። ሁለተኛው ያዘ፤ መኪናው ወደ ተራራው ጥግ ተደግፎ ቆመ። የረዳቱ እግር ግን ከጎማው ሥር ቀርቶ ነበር።

በየዓመቱ ለመስቀል በምርኩዝ የሚመጡ አንድ እንግዳ ነበሩን። እኛ ልጆቹ የአባባ የሥጋ ዘመድ ይመስሉን ነበር። ለካ እሳቸው ናቸው።

"የቸኮልኩት እኔ፣ እግሩን ያጣው እሱ" አሉ አባባ። "እሱ አጠገቤ ባይቀመጥ ኖሮ አንተም ዛሬ እዚህ አልነበርክም። አንተ ግን ከሁሉ አስቀድመህ የነቀልከው ወንበሩን ነው።"

ልጁ መጋዙን አስቀመጠ። ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ማርሚታውም ጋራዥ ሄዶ ታሰረ።

ከሦስት ወር በኋላ ወንድሜ ደወለ። "እትዬ፣ ለአባባ ንገሪልኝ፤ ትክክል ነበሩ" አለኝ። ዌስት ቨርጂኒያ ወደሚገኝ የእሽቅድድም ሜዳ መኪናዋን ይዞ ሲሄድ፣ ጀማሪ ብቻውን አይገባም ተባለ። አጠገቡ አሠልጣኝ መቀመጥ አለበት፤ የአሠልጣኙም ወንበርና ቀበቶ ከሾፌሩ እኩል ጠንካራ መሆን አለበት። ያንን የነቀለውን ወንበር በሌላ ተክቶ ተመለሰ። በዚያው ቀን ጥቂት ዙር እንደነዳ የፍሬኑ ፔዳል እስከ ወለሉ ሰመጠ። "ፔዳሉን ደጋግመህ ምታ፣ ማርሽ ቀንስ፣ ወደ ሣሩ ውጣ" እያለ በሰላም ያስቆመው አጠገቡ የነበረው ሰው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመኪና ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ወደ ሙቀት የሚቀይረው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከገባበት ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ሲጫኑት ስለሚታመቅ ፔዳሉ ቢረገጥም ጎማውን የሚይዝ ነገር የለም። ስለዚህ አዋቂዎቹ የሜዳ መኪና ሲሠሩ ከፍሬን ዘይትና ሸራ፣ ከጎማ፣ ከወንበርና ቀበቶ፣ መኪናው ቢገለበጥ ጭንቅላት ከሚጠብቀው የብረት ቅስት ይጀምራሉ። ሞተር የመጨረሻው ነው።

እዚህ ቤታችን የምናየው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ተራ የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ማርሚታ መንቀል ያንን አይመልስም፤ የሚጨምረው ጩኸት ነው። በመጋዝ የተቆረጠ ሞላ ደግሞ ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል፤ መንገዱ ላይ የሚጠብቀው የተከለለ ሜዳ ሳይሆን ተማሪ፣ ጋሪና ከብት ነው።

ወጣቶቻችን ፍጥነት መውደዳቸው ኃጢአት አይደለም። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ በሳፋሪ ራሊ ትታወቃለች። በ1965 ውድድሩን ያሸነፉት ጆጊንደር ሲንግና ወንድሙ ጃስዋንት አሮጌ ቮልቮ ይዘው ነው። እዚያም ሁለተኛው ወንበር ባዶ አልነበረም።

እማዬ ባለፈው ዓመት ቨርጂኒያ ሄዳ ነበር። ቀዩዋ መኪና ውስጥ፣ ጋራዡ ውስጥ እንደቆመች፣ ቀበቶ ታስራ ፎቶ ተነሣች። ማታ ደውላ አባባን ያዋየቻቸው ይህንኑ ነው፦ "ወንበሩ ይቆረቁራል። ግን አለ።"