አንተስ ተመርምረሃል?

ባለፈው ወር እዚሁ ካኩማ ለሽምግልና ተጠርተን ነበር። ባልና ሚስቱ ከተጋቡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጅ ግን የለም። በሠርጋቸው ዕለት «ውለዱ ክበዱ» ብለን የመረቅናቸው እኛው ነን። የባል እናት ከአገር ቤት እየደወሉ «ሌላ አግባ» ይላሉ፤ ጎረቤቱም ቡና ላይ እሷን «መካን» ማለት ጀምሯል። እሷ ጸበሉንም ክሊኒኩንም አዳርሳለች፤ የጉዞ ፈቃድ ለምና ናይሮቢ ድረስ ሄዳለች። ከመካከላችን አንዱ አዛውንት ባልየውን «አንተስ ተመርምረሃል?» ቢሉት፣ «እኔ ምን ሆኜ? ሙሉ ሰው ነኝ!» ብሎ ተቆጣ። የዛሬውን ጽሑፍ ያስጻፈን ይህ መልስ ነው።

ወንድነትና የዘር ጤንነት ለየቅል ናቸው። ለመውለድ ከተቸገሩ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱ ድርሻ አለበት፤ ወይ ብቻውን፣ ወይ ከሴቷ ጋር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት ከስድስት ሰው አንዱ ገደማ በሕይወት ዘመኑ ይህ ችግር ያጋጥመዋል። ችግር የሚባለውም ባለትዳሮች ያለ መከላከያ አዘውትረው እየተገናኙ ዓመት ሙሉ ሳይፀነስ ሲቀር ነው። (ባል ናይሮቢ እየሠራ በዓመት ሁለቴ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ግን ቆጠራው አይሠራም!) ሚስት 35 ዓመት ካለፋት ከስድስት ወር በላይ መጠበቅ የለባቸውም።

ከሁሉ የሚቀለው ምርመራ ደግሞ የወንዱ ነው፤ መርፌ እንኳ የለበትም። ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ታቅቦ የዘር ፈሳሹን በንጹሕ ዕቃ ይሰጣል። ቤት ከተወሰደ ሳይቀዘቅዝ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። እዚያ ብዛቱ፣ እንቅስቃሴውና ቅርጹ በማይክሮስኮፕ ይታያል። አዲስ ዘር ለመፈጠር ሁለት ወር ተኩል ያህል ስለሚፈጅ፣ ውጤቱ ደካማ ከሆነ ከሦስት ወር በኋላ ይደገማል። የቆለጥ ደም ሥር ያበጠበት ሰው በቀዶ ጥገና ሊረዳ ይችላል።

የሴቷ ረዘም ይላል። እንቁላል በየወሩ የማትለቅ ከሆነ ክሎሚፊን ወይም ሌትሮዞል የሚባሉ ክኒኖች ብዙዎችን ረድተዋል። ይሁን እንጂ የባል ዘር ሳይታይ ክኒኑን ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መዋጥ ገንዘብ ማባከን ነው፤ መንታ ሊያመጣም ይችላል። ጨብጥና ክላሚዲያ ካልታከሙ የማህፀን ቱቦን ይዘጋሉ። ስለዚህ ሁለቱም አብረው ይታከሙ፤ ጠባሳ የዘጋውን ቱቦ ግን ክኒን አይከፍተውም። ለዚህ ቀዶ ጥገና፣ ወይም ከማህፀን ውጭ ጽንስ ማስያዝ አለ። በኬንያ በዚህ መንገድ የመጀመሪያዎቹ ሕፃናት የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ አዲስ አበባም ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2019 ማዕከል ከፍቷል። እውነቱን ለመናገር ናይሮቢ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሽልንግ ያስከፍላል፤ ለእኛ ሩቅ ነው። የወንዱ ምርመራ ግን ሩቅ አይደለም።

ባልየው ከብዙ ልመና በኋላ ሄደ። ውጤቱ ደካማ ሆነ። ይህን የምንጽፈው ስማችን አይጠቀስ እንጂ ጻፉት ስላሉን ነው። ሽምግልናውን ሁለተኛው ምርመራ እስኪደርስ አቆይተነዋል። ሲጋራውን ትቷል። እናቱ ሲደውሉ አሁን ስልኩን የሚያነሣው ራሱ ነው።