ስሙ ያልተጻፈ ምስል

ከመርጡለ ማርያም ተነሥቶ በሞጣና በአዴት አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ የምሥራቅ ጎጃም ሰው፣ ጉዳዩ ሙግትም ይሁን ሕክምና ወይም ልጅ ማስመረቅ፣ ሳይመለስ አንድ ጊዜ በጣና ዳር ቆሞ ፎቶግራፍ መነሣቱ የተለመደ ነው። በወደቡ ላይ ሙሽሮች፣ ጋዋን የለበሱ ተመራቂዎች፣ ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል የሚሻገሩ ተሳላሚዎች በየተራቸው ከካሜራ ፊት ይቆማሉ፤ በስተኋላቸውም ጀልባው፣ ታንኳው፣ ሸክም የሚያወርደው ሠራተኛና የዚያ ቀን ውኃ ሳይታሰቡ አብረው ይቀረጻሉ። በእኔ አስተያየት ስለዚህች የወደብ ከተማ ኑሮ ከሁሉ የሚበዛው ምስክር ይህ ተራ ፎቶግራፍ ነው፤ ነገር ግን የሰውየው ስምና የተነሣበት ዕለት ካልተጻፈበት፣ ምስክርነቱ ከአንድ ትውልድ አያልፍም።

ይህን የምለው ከባዕድ ልማድ ተውሼ አይደለም። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በደቅ ደሴት ባሠሩት በናርጋ ሥላሴ፣ እቴጌይቱ ከቅድስት ድንግል ማርያም እግር ሥር ወድቀው ሲማጸኑ ተሥለው ይታያሉ። በቀደሙት ሠዓልያን ሥርዓት እንዲህ ካለው የምእመን ሥዕል አጠገብ እገሌ ወይም እገሊት እንዴት እንደ ተማጸኑ በግእዝ መጻፍ የተለመደ ነበረ፤ ጸሐፊውም ብራናውን ሲፈጽም የጻፈውንና ያስጻፈውን ስም አንሥቶ የአንባቢን ጸሎት ይለምን ነበር። እርግጥ ነው፣ በዚያ ሥርዓት የመሣል ዕድል የነበረው ባለጸጋው፣ መኰንኑና ካህኑ ነበረ። ካሜራ የፈጸመው ታላቅ ነገር ቀዛፊውን ከእቴጌይቱ እኩል ማስቀረጹ ነው፤ መልኩን እያቆየለት ግን ስሙን ነሣው።

ቻርልስ ቢክ የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ ስለ መርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1847 ሲታተም፣ ፎቶግራፍ ገና ጨቅላ ጥበብ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ግን በዙላ ወደብ ሲወርድ ፎቶ አንሺዎችንም ይዞ ነበር። ከዚያም በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን የጣናን ደሴቶችና የዓባይን ሸለቆ ዞሮ እ.ኤ.አ. በ1936 መጽሐፉን አሳተመ። ለተጓዦቹ ትጋት ምስጋና ይገባል፤ ሆኖም በእንዲህ ያሉት መጻሕፍት ደሴቱና ደብሩ በስማቸው ሲጠሩ፣ ታንኳውን የሚቀዝፈው ሰው ብዙ ጊዜ ያለ ስም ያልፋል።

የተጓዡን ጉድለት ያሟላው የራሳችን ሕዝብ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና የፖሊቴክኒክ ተቋም ሲከፈትባት፣ ሠራተኛውም ተማሪውም ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶግራፍ ያስፈልገው ነበር፤ ፎቶ ቤት ከገባም ዘንድ፣ ሙሉ ቁመናውን በተሣለ መጋረጃ ፊት ተነሥቶ ለእናቱ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። በምስሉ ጀርባም «ለማስታወሻ» ብሎ ስሙን፣ ቀኑንና ከተማውን በብዕር ይጽፋል። እኔ ይህን ጽሕፈት ከብራናው መፈጸሚያ ለይቼ አላየውም፤ ማንም ሳያስተምረው ሠራተኛው የአበውን ሥርዓት ጠበቀ።

ዛሬ በስልክ የሚነሣው ምስል ጀርባ የለውም። በአንድ የአስተርእዮ ማርያም በዓል በመርጡለ ማርያም ዙሪያ የሚነሣው ፎቶግራፍ ለቍጥር ያዳግታል፤ ስልኩ ሲሰበር ወይም ሲሰረቅ አብሮ ይጠፋል፤ ቢተርፍም የልጅ ልጅ ማን ማን እንደሆነ ሊለይበት አይችልም። በጣናም ዳር የደንገል ታንኳ ለሞተር ጀልባ ስፍራውን እየለቀቀ፣ የሐይቁን ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ዳርቻ ደግሞ እንቦጭ የተባለው አረም እየወረሰው ስለሆነ፣ የትናንቱ ዳርቻ ምን ይመስል እንደነበረ የሚያስረዳው ከሙሽሮች በስተኋላ የተቀረጸው ውኃ ይሆናል፤ ዕለቱ ካልታወቀ ግን ተመራማሪው ምንም ሊያመሳክርበት አይችልም።

ስለዚህ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የየቤተሰቡን አልበም ይዘው ከሽማግሌዎች ዘንድ ይቀመጡ፤ የቆዩ ፎቶ ቤቶችም ነጌቲቫቸውን ከመጣላቸው በፊት ለሚያቆይ መጻሕፍት ቤት ያስረክቡ። በእያንዳንዱ ምስል የተነሣው ሰው ስም ከነአባቱ፣ ደብሩ፣ ሥራውና ዓመተ ምሕረቱ ይመዝገብ። በፋብሪካው መጀመሪያ የተቀጠሩት ዛሬ ሰማንያውን ዓመት የተሻገሩ ናቸውና፣ ጥያቄው ከእነርሱ መጀመር አለበት።